ጥቁሩን እንጨት አይንኩት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ተክለወልድ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን የሚይዝዎት ቁርጥማት ተወዎት ወይ? የእናታችንስ ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ ሙቀቱ እንደ ጨው ሊያሟሟኝ ቢደርስም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ።

የአባታችን ዝግባ እኔ በመጥረቢያ በመታሁት በኩል ሻግቶ መጥቆሩን፣ ከፋሲካም በኋላ ነጩ እንጨት እስኪወጣ ሊፍቁት ማሰብዎን የጻፉት ደረሰኝ። ስለ ማርያም ይተዉት! መሮው በእጅዎ ከሆነ አሁኑኑ ይጣሉት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። በምሠራበት በጀልባ ሠሪው በሙጠሊብ ግቢ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበር፤ በመላው ቡላኦስ ሰፈር እንዲያ ያለ ጥላ አይገኝም። ግንዱ ላይ የቆየ ቁስል ነበረበት። መጋዝ አብሮኝ የሚስበው የሐረሩ ጀላሉዲን አዘነለትና፣ እኛ የተገጠበ አህያ እንደምናክመው፣ ጥቁሩን ፍቆ ፍቆ ጭቃ ለቀለቀው። እኔም ሞኙ አበጀህ እያልኩ ጭቃ አቀበልኩት። በሦስተኛው ወር ዛፉ እንደ ቆመ ደረቀ።

ሙጠሊብ ቆርጠን እንድንሰነጥቀው አዘዘን። ስንሰነጥቀው ሻጋታው፣ ጥቁሩ ባልተነካበት በኩል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በተፋቀበት በኩል ግን እስከ ቅርንጫፉ ዘልቋል። ዛፍ እንደ ሰው የደም ሥር፣ ውሃ የሚወጣባቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉት አለን ሙጠሊብ። ሻጋታ በቁስል ሲገባበት ዛፉ ራሱ በሙጫ ይደፍናቸዋል፤ ዙሪያውን የገዛ ሥጋውን ገድሎ ያጥረዋል፤ ጥቁሩ ያ አጥር ነበር፣ እናንተ አፈረሳችሁት አለና በመዶሻ እጀታ የጀላሉዲንን አፍ መታው። ሁለት ጥርሱ አሸዋው ላይ ወደቀ። ጀላሉዲንም መሮ መዘዘ። መካከል ስገባ መዳፌ እስከ አጥንቱ ተተረተረ፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው ለዚህ ነው።

ደሙን ሳይ ያ የአባታችን ተዝካር ማግስት መጣብኝ። በመሬቱ ተጣልተን መጥረቢያ አነሳሁ፤ በኋላ ሽማግሌ ፊት ስንቀርብ፣ ላስፈራራ ብዬ ዛፉን መታሁ እንጂ ወንድሜን አላሰብኩትም ብዬ በመስቀል ማልኩ። እርስዎም አምነው ሳሙኝ። ጋሼ፣ የማልኩት በሐሰት ነው። ያለምኩት አንገትዎን ነበር። ዘወር ባይሉ ኖሮ ገድዬዎት ነበር፤ ለእርስዎ ያልኩትን ምት ዝግባው ተቀበለ።

ይህን አንብበው ፊትዎን ቢያዞሩብኝ አልፈርድብዎትም። ዛፉን ብቻ አይግደሉብኝ።

የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ይህን ግን አያንብቡላት። ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ውብነሽ፣ ለእኅታችን ለአበዛሽ፣ ለጎረቤታችን ለአቶ ጫላ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ዋለልኝ
ጅቡቲ፣ መጋቢት ፳፩ ቀን ፲፱፻፲፰ ዓ.ም.