የታረቀ ሰፈር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከምሽቱ 1፡00

ዛሬ አሥራ አንድ ቤት። እግሬ አልቋል። የሥራ ጓደኛዬ ሰይድ የውጫሌ ልጅ ስለሆነ የሐይቅ ከተማን ውስጥ ለውስጥ አያውቅም፤ መንገድ የማሳየው እኔ ነኝ። እሱ ታብሌቱን ይይዛል፣ እኔ የወረቀት ካርታውን። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በየመንገዱ እንሄዳለን። መብራት አለ? ያላለቀ ሕንፃ አለ? ያልታጠረ ባዶ ቦታ? ጠላ ቤት? ከዚያ ቤት እየገባን እንጠይቃለን። ጥ. 9፦ በዚህ መንገድ ሰው የተወጋበት፣ የተደበደበበት ወይም የሞተበት ጊዜ አለ? ጥ. 10፦ የት ላይ? ጥ. 11፦ ድምፅ የሰማ ሰው ነበር? ወጥቶ ነበር?

ጥ. 11ን ሮጥ አድርጌ ነው የማነበው። ሰይድ ታዝቦኛል። አውቶቡስ ሊያመልጥሽ ነው እንዴ፣ አለኝ። ሳቅሁለት።

ካርታው ሲያልቅ ለማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣል። ምልክት ያለበት መንገድ ቀድሞ መብራት ይገባለታል፣ ባዶ ቦታው ይታጠራል። ምልክት የሌለው ይጠብቃል። ላንቺ አልዋሽም ደብተሬ፤ ከጤና ጣቢያው በውሰት መጥቼም ቢሆን እዚህ ጥናት ውስጥ የገባሁት ለአንድ ቅያስ መብራት ብዬ ነው። ለእኛ ቅያስ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ማታ

ዘጠኝ ቤት። ሁሉም "የለም"። አንዲት ሴትዮ ከግንባሯ እስከ ቅንድቧ የወረደ ጠባሳ አላት። ጥ. 9ን ስጠይቃት ነጠላዋን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። ሰላም ነን፣ ታርቀናል፣ አለች። "የለም" በለው አልኩት ሰይድን። ሞላ። አመስግነን ወጣን።

አፌ ውስጥ አንድ መጥፎ ጣዕም አለ። ድካም ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 7፡00፣ ሐይቁ ዳር

አሳ እየበላን ሰይድ ታብሌቱን በአውራ ጣቱ ይገፋል። ወላሂ ይሄ ከተማ ጀነት ነው፣ አንድ የተመታ ሰው የለም፣ ይላል። እየቀለደ ነው። ከዚያ ቀልዱ ፊቱ ላይ ጠፋ። አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ላይ የሰዎቹን ቃል በታማኝነት ሲከትብ ነው የከረመው። "ታርቀናል" ይላል አንዱ። "ታርቀናል" ይላል ቀጣዩ። ግማሹ ሰው ታርቋል።

"ካልተጣሉ ምን አስታረቃቸው?" አለ።

አፈርኩ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ወዲያው ከምን ታረቃችሁ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን እዚሁ ያደግን ነን። ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ከደረቀ፣ ሁለቱም ወገን ከማለ፣ ነገሩ አይነሳም፣ ስም አይጠራም። ያነሳው ሰው መሐላ አፍራሽ ይሆናል። "ታርቀናል" ሲሉን እንደ ጨዋ ልጅ አፋችንን ዘግተን "የለም" ብለን ሞላን። በስንት ቤት!

የእኛም ቤት የታረቀ ነው። ወንድሜ ብሩክ። ከሞተ ስድስት ዓመቱ። የወጋው የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ልጅ ነው፤ አብረው ያደጉ ናቸው። በምን እንደተጣሉ እስከዛሬ በደንብ አላውቅም። ልጁ ታሰረ፣ ተፈታ፣ አገር ለቀቀ። እማዬና እትዬ የሺ በሽማግሌ ፊት ማሉ። ይኸው አሁን ቤተ ክርስቲያን አብረው፣ ገበያ አብረው። የብሩክ ፎቶ ሣጥን ውስጥ ነው። ስሙ ቤታችን ውስጥ አይጠራም። እዚህ ስጽፈው እንኳ እጄ ፈራ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከምሽቱ 1፡30

ዛሬ የጨለማ ልኬት። ፀሐይ እንደጠለቀች የትኛው መንገድ ላይ የሰው ፊት እንደሚለይ ማየት። የእኛ ቅያስ ደረሰን።

ቅያሱ ሁለት አፍ አለው። አንዱ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ አንዱ ያላለቀው ሕንፃ ጋ፣ አስፋልቱ ላይ። እኔ ስድስት ዓመት በወፍጮ ቤቱ በኩል ብቻ ነው የምገባው የምወጣው። ሰይድ ይሄን አያውቅም። ዛሬ ከበራችን ጀምሬ እስከ ሕንፃው ሄድኩ። መብራት የለም። ቦዩ ከድሮ ጀምሮ ስለተናደ ባጃጅ አይገባም። ሰይድ አሥር እርምጃ ቀድሞኝ ዞር ቢል ፊቱ አይለይም። ቆጠርኩ። መቶ አሥራ አራት እርምጃ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

ብሩክ የሞተ ዕለት ማታ እማዬ ሌላ ሰው ቤት ለቅሶ ሄዳለች፣ እኔ ብቻዬን ለፈተና አጠናለሁ። በሩ ተመታ። የቆርቆሮ በር ነው። በመዳፍ ነው የመቱት። አንዴ። ቆይቶ ሁለቴ፣ ቀስ ብሎ። ከጠላ ቤቱ የሚወጣ አንድ ሰካራም ነበር፣ በራችንን ከራሱ በር እያምታታ የሚያንኳኳ። እሱ ነው ብዬ ተናደድኩ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። ኡኡታ ሰምቼ በጨለማው ስሮጥ ሰዎቹ ሕንፃው ጋ ብሩክን ባጃጅ ላይ እየጫኑት ነው። እዚሁ ነው የወደቀው፣ አሉኝ። አብሬው ደሴ ሄድኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ አረፈ።

እዚያ የወደቀ ሰው እዚህ በር አያንኳኳም። ስለዚህ ያንኳኳው ሰካራሙ ነው። ስድስት ዓመት የኖርኩት በዚህ ሂሳብ ነው። ዛሬ እርምጃውን መቁጠሬ ደግ ሆነ። መቶ አሥራ አራት ብዙ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል

እማዬና እትዬ የሺ ቤተ ክርስቲያን ውለዋል። እኔና ሰይድ ሼህ ይማም ዘንድ ሄድን። በዚህ ሰፈር ደም ሲያደርቁ የኖሩት እሳቸውና ቄሱ ናቸው። ሰው መሐላውን ሳያፈርስ ቦታውን ብቻ ቢያሳየን ነውር ይሆናል ወይ ብለን ጠየቅናቸው። ስም አንጠይቅም፣ ምክንያት አንጠይቅም። የት ላይ ብቻ።

መቁጠሪያቸውን ከዳር እስከ ዳር ቆጠሩ።

"ልጆቼ፣ እኛ ያሰርነው ስሙንና ቂሙን ነው። መሬቱን ማን አሰረው? አሳዩ በሏቸው። መብራት ከመጣ ኸይር ነው።"

ስንወጣ እኔን ወደ ኋላ አስቀሩኝ። "አስካል፣ የናንተን ቅያስ ግን ለእናትሽ ተይላት" አሉ። ዓይኔን ሳያዩ ነው ያሉት። ለእማዬ ማዘናቸው ነው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 11፡00

የጥናቱ አስተባባሪ ከደሴ በስልክ ፈቀደ። ጥ. 10 ተቀየረ፦ በቃል አይመለስም፣ ሰውየው ቦታውን ያሳያል።

ባለ ጠባሳዋ ሴትዮ ጋ ተመለስን። ነገርናት። ተነሳች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ቧንቧው ጋ ሄዳ ቆመች። ሰይድ ካርታው ላይ ነጥብ አደረገ። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው የባዶውን ቦታ ጥግ ነኩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ወደተለያየ ቦታ ጠቆሙ። ስንጨርስ ካርታው በነጥብ ተሞልቶ ነበር። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ነጥቦቹን ተጠግቼ አየኋቸው። በየቀኑ የምረግጠው መሬት ነው።

የእኛ ቤት ተራ ለሰኞ ወጥቷል። በራሴ ቤት መጠየቅ አልችልም፣ ደንቡ ነው። ለእማዬ ነገርኳት። ሰይድ ይምጣ፣ አንቺ ሥራሽ ላይ ዋይ፣ አለች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም። ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ምንም አልሠራሁም። በሩ ላይ ተደግፌ ስልክ ሳወራ ቀለሙን በጥፍሬ እፈቀፍቃለሁ። አረንጓዴው ተነሥቶ ከሥሩ የድሮው ሰማያዊ ብቅ ይላል። እማዬ ከውስጥ ጮኸችብኝ፦ "ተይ አልኩሽ! ተይው!" ለቆርቆሮ እንዲህ ይጮኻል? አረንጓዴውን የቀባችው በብሩክ ሐዘን ሳምንት ነው፣ በገዛ እጇ። ያኔ ለአርባው እንግዳ እያዘጋጀች ነው ብዬ ነበር። አዝኜባትም ነበር። ልጇ ሞቶ ቀለም!

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከቀኑ 9፡30፣ ጤ/ጣቢያ

ሰይድ መጣ። እየሳቀ ነው የመጣው፤ እማዬ ዳቦ አስይዛዋለች። ደግ እናት አለችሽ፣ ይላል። እትዬ የሺም እዚያው ነበረች። ጥ. 10 ላይ ሲደርስ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተነሱ። ያላለቀ ሕንፃ ስላለ ወደዚያ የሚወርዱ መስሎት ቀድሟቸው መንገድ ጀመረ። ዞር ቢል የሉም።

ከበሩ አላለፉም።

እማዬ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋለች። ዝቅ አድርጋ፣ የተቀመጠ ሰው በሚደርስበት ከፍታ። እትዬ የሺ ቁጢጥ ብላ የበሩን ደፍ በጣቷ ነክታለች። እያለቀሰች ነበር፣ አለ።

ጥ. 11ን ሲጠይቅ እማዬ እጁን ያዘችው። ቃሏን እንዳለ ጽፎታል፣ አነበበልኝ፦ "ይሄን ተወው የኔ ልጅ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም በል።"

ሰይድ ታብሌቱን አስቀመጠ። ምን ሆንሽ ይላል። ውኃ አመጣልኝ። አብሽሪ፣ አይዞሽ ይላል፤ ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

የዚያው ቀን። ከምሽቱ 12፡15

ቤት አልሄድኩም። ጤ/ጣቢያው በረንዳ ላይ ነኝ።

አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። መቶ አሥራ አራቱን እርምጃ መጥቷል። ተወግቶ፣ በጨለማ፣ ግድግዳ ይዞ፣ ቤቱ ደርሷል። ያንኳኳው እሱ ነው። ያገኘችው እትዬ የሺ መሆን አለባት። ባጃጅ ቅያሱን ስለማይገባ ተሸክመው አስፋልቱ ጋ አወጡት። እኔ የደረስኩት ያኔ ነው። እዚሁ ወደቀ አሉኝ። ማን መጀመሪያ እንዳለው አላውቅም። ሌላው ሁሉ ተቀበለው። ጎረቤቱ፣ ቄሱ፣ ሼህ ይማም። የገዳዩ እናት እንኳ። ያን ሁሉ ጊዜ ለመሐላው ብለው ዝም ያሉ ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ነው ዝም ያሉት።

እማዬም በሩን ቀባችው፤ የመዳፉ ደም እንዳይታየኝ።

ታውቃለች። ቤት እንደነበርኩ፣ እንዳልከፈትኩ ታውቃለች። ስድስት ዓመት እራት አቅርባልኛለች።

ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ብሩክ። ብሩክ። ብሩክዬ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከቀኑ 10፡00

ሌሊቱን የሥራ ባልደረባዬ ጋ አደርኩ። ለእማዬ ተረኛ ነኝ ብዬ ላክሁላት። ይሄ የመጨረሻው ውሸት ነው።

ሰይድ የቤታችንን ቅጽ ገና አልላከውም። አስቆምኩት። የቤቱ ነዋሪ ነኝ፣ መልስ መስጠት እችላለሁ፣ አልኩት። አላቅማማም፤ ከፊቴ ተቀመጠ። ጥያቄውን ቀስ ብሎ አነበበ፣ እኔ እንደማነበው አይደለም። ድምፅ የሰማ ሰው ነበር? ነበር። ወጥቶ ነበር? አልወጣሁም። ጻፈው። ከዚያ ላከው። ነጥቡ ካርታው ላይ ነው፤ መብራቱ ቢመጣ በራችን ላይ ይመጣል።

አሁን ወደ ቤት። በወፍጮ ቤቱ በኩል አልሄድም፤ ከሕንፃው ጀምሬ እሱ በመጣበት እሄዳለሁ። ለእማዬ ሰምቼው ነበር እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ የምትለውን ትበል።

ቁልፍ አለኝ። ግን አንኳኳለሁ።