ለባቡር የጠበበ ቤት

ይድረስ ለወንድሜ ለባየህ ገብረማርያም፤

እንደምን አለህ? ከክረምት ወዲህ እንደምን ሰነበትህ? ያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ብርክቲ እንደምን አለች? ልጅህ መባስ ቁመት ጨመረች? የጀርመን ብርድ ከአጥንት ይገባል ሲሉ እሰማለሁና እግራችሁን አሙቁ። እኔ እኅትህ ጸሐይነሽ ከጉልበቴ ሕመም በቀር አለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን። እናታችንም አለች። እንዴት እንዳለች ግን የዚህ ወረቀት ታች ስትደርስ ታውቀዋለህ።

ይህን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ጎብጦ ብታየው አትሳቅ። ከዚህ በፊት የደረሱህን ደብዳቤዎች የሚጽፉልኝ የጎረቤት ተማሪዎች ነበሩ። እኔ ተናድጄ የተናገርሁትን እየዘለሉ፣ «ሁላችንም በጣም ደኅና ነን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለን የለም» እያሉ ይሞሉት ነበር። ይህን ያወቅሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ከቆጠርሁ በኋላ፣ ሳይላክ የቀረ አንድ ደብዳቤ ከሣጥን አውጥቼ ሳነብ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ያላልሁትን ስታነብ ኖረሃል። ይህኛው ግን የኔ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ነገር ስጀምር «እታለም፣ ስብሰባ ልገባ ነው» ትለኛለህ። ወረቀት ስብሰባ የለበትም።

የላክኸው ካርቶን በኅዳር ሚካኤል ማግስት ደረሰን። ከዚያ በፊት ለእምዬ በስልክ «ቃሌን አልረሳሁም፤ ባቡሩ ይመጣልሻል» ብለሃት ነበር። ቃልህን እኔም አልረሳሁትም። አራተኛ ክፍል ሳለህ ከመጽሐፍህ ላይ የባቡር ሥዕል አሳይተሃት፣ «አድጌ በዚህ አሳፍርሻለሁ፤ መስኮት ዳር ነው የማስቀምጥሽ» ያልሃት ጊዜ፣ እኔ የትምህርት ቤት ልብስህን እያጠብሁ አጠገባችሁ ነበርሁ። እኔን መስኮት ዳር ቀርቶ በሩ ሥር እንኳ አስቀምጥሻለሁ አላልኸኝም። እምዬ እንግዲህ አንተው ራስህ መጥተህ የምትወስዳት መስሏት ቀሚሷን አሳጠበች፤ ጠጉሯን ተላጨች፤ ለመንገድ ብላ በሶ አስፈጨችኝ። ከመስቀል ወዲህ ሳትደገፍ ከአልጋ የማትወርድ ሴት፣ ስንቅ አስቋጠረችኝ።

ካርቶኑ ሲከፈት ስንዝር የምታህል ባቡርና እያንዳንዳቸው ስንዝር ከአራት ጣት የሆኑ ስድስት ፉርጎዎች ወጡ። ዐይኗ ስለደከመ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። «መስኮት አላት» አለች። «ሰውስ ተቀምጦባታል?» አለችኝ። አጎንብሼ በመስኮቱ አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው አልኋት። አላለቀሰችም። «በሉ እስቲ ትዙር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወድቅ ዞራ ስትመጣ ልያት፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ምን ቀረኝ» አለች። እህል መቅመስ ቀንሳ ስለነበር ይህ ንግግሯ አስፈራኝ። እኔም ሳልወድ የባቡር ሠራተኛ ሆንሁ።

ከካርቶኑ ውስጥ የጨመርኸውን ወረቀት ስምንት ጊዜ አነበብሁት። «ሐዲዱ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ግን ማጠፊያው እንዳይጠብ። ፉርጎዎቹ እንደ እውነተኞቹ ረጃጅም ናቸው። ከክቡ መሀል እስከ ሐዲዱ ከአንድ ክንድ ተኩል አይነስ። ትልቁ ክፍል ውስጥ ዘርጉት» ይላል። ትልቁ ክፍል! ባየህ፣ ትልቁን ክፍል እኮ ለጉዞህ ያሸጥኸው አንተ ነህ። አባታችን በአንድ እጁ ሲፈርም በሌላው እጁ ግድግዳውን ይዞ ነበር፤ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። አሁን እዚያ የሩዝ መፈልፈያ ተተክሎበታል። መኪናው ሲነሣ ወለላችን ይንቀጠቀጣል፤ ገለባው በስንጥቁ ይገባል። የቀረችን አንዲት ክፍል ናት። የእምዬ አልጋ፣ የእኔ መደብና የእህሉ ጆንያ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚተርፈው ወለል ወርዱ ሁለት ክንድ፣ ቁመቱ አራት ክንድ ተኩል ነው። እዚያች ላይ ሐዲድህን እንደ እንቁላል አድርገን ዘረጋነው።

ባቡሯ ብቻዋን ስትሄድ ዞረች። አንድ ፉርጎ ሲቀጠልላትም ዞረች። ሁለተኛው ሲጨመር ግን ማጠፊያው ላይ ስትደርስ የኋለኛው ዘሎ ወጣ። ስድስቱ ሲቀጠሉማ እንደ ሰካራም ተራ በተራ ይጋደሙ ጀመር። እምዬ ከአልጋዋ ሆና በጆሮዋ ትከታተላለች፤ ኳ ባለ ቁጥር «ይሄ ስንተኛው ነው?» ትለኛለች።

ጎረቤታችን አገኘሁሽ መጥታ አየችና፣ «ይሄማ ደርቆ ነው። ቅቤ ቀቢው እንጂ!» አለችኝ። ጠፍር ደርቆ አልታጠፍ ሲል ቅቤ አይደል የምንቀባው? እኔም እውነት መስሎኝ ሐዲዱን ዙሪያውን ቅቤ ቀባሁት። ባቡሯ መጀመሪያ ጎማዋ ባለበት ተሽከረከረ፤ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ አልደርሳት ብሎ ጭራሽ ቆመች። ያን ጊዜ የገና ጾም ገብቶ ነበርና እምዬ፣ «ደግ አደረገች። ጾመኛ ናት፤ ቅቤ አልቀምስም ብላ ነው» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። በዚህ ባቡር የተነሣ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው። አገኘሁሽ ከምትሸጠው አረቄ አንድ ጠርሙስ አምጥታ፣ በጨርቅ እየነከርን ቅቤውን ከሐዲዱ አስለቀቅነው። «ይህን ሁሉ አረቄ ብረት ይጠጣው!» እያለች ነበር የምትወለውለው።

ከዚያ የራሴን ስሕተት ሠራሁ። ፉርጎዎቹ የሚወጡት መያያዣቸው ልል ሆኖ ነው አልሁና፣ በሰም በታሸ ክር፣ በአህያ ላይ ጭነት እንደሚጠፈር አድርጌ አንዱን ከአንዱ አጣብቄ ጠፈርሁት። የባሰ መጣ። አሁን አንዱ ሲወድቅ አምስቱን ይዞ ይወድቃል።

በዚህ መካከል የአክስታችን ልጅ ሰውመሆን ከቁሐር ሚካኤል ለገበያ መጥቶ ገባ። ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «እታለም፣ መቼም ሞፈር ይዘሽ አታውቂም» አለኝ። «ምራኑን እንዲህ ወጥረሽ ካሰርሽው በሬው ማሳው ጫፍ ላይ እንዴት አድርጎ ይዞራል? ሞፈሩን ይሰብርልሻል እንጂ!» ረስተኸው ከሆነ፣ ምራን ማለት ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው ጠፍር ነው። አባታችን ሲያስረው ሁልጊዜ ላላ ያደርገው ነበር።

ሁለታችን ወለሉ ላይ ተንበርክከን ሁለት ፉርጎዎችን በእጃችን ቀስ እያልን ማጠፊያው ላይ ስንገፋ ነገሩ ታየን። ሐዲዱ ጎባጣ ነው፤ ፉርጎው ግን ግትር ነው፣ አይጎብጥም። ከሥሩ ያሉት ሁለት ዟሪ እግሮች ሐዲዱን ተከትለው ሲታጠፉ፣ የፉርጎው አፍንጫ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል። መንጠቆው ደግሞ የተሰካው ከአፍንጫው ላይ ነው፤ ያውም አጭርና ደረቅ። የፊተኛው አፍንጫ ወደ ውጭ ሲወጣ የኋለኛውን ይዞት ይወጣል። ሰውመሆን፣ «የሠራቸው ሰው ቆመው እንዲያምሩ ነው ያሰበ፤ መዞራቸውን አላሰበበትም» አለ። ወረቀትህን አወጣሁና አነበብሁለት፤ «በፉርጎዎቹ መካከል ክፍተት ታይቶ መልካቸው እንዳይበላሽ መንጠቆውን እኔው ራሴ አሳጥሬዋለሁ» ይላል። ሰውመሆን፣ «እንዲያስ ከሆነ ደኅና ሠርቶታል» አለ። ዘመድህ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ መንጠቆዎችህን ቆረጥኋቸው። አዎ፣ በመቀስ፣ ሁሉንም። በምትካቸው ከሥር ካለው ዟሪ እግር ወደ ቀጣዩ ዟሪ እግር ሁለት ጣት ላላ ያለ ክር አሰርሁ። አሁን በመካከላቸው ጣት ያስገባል፤ አያምርም። ማጠፊያው ላይ ግን አንዱ ሌላውን አልጎተተም። እምዬ ከአልጋዋ ቀና አለች። ይህኔ የሦስተኛው ፉርጎ አፍንጫ ወደ ውጭ ወጣና የአልጋዋን እግር ገጭቶ ተጋደመ። ሐዲዱን ከአልጋው ብናርቀው ማጠፊያው ጠቦ ክሩም አልረዳን አለ። ብናሰፋው አልጋው አለ። እምዬ፣ «አልጋዬን አውጡላት፤ እኔ ደጅ እሆናለሁ» አለች። እናቴን አውጥቼ ያንተን ባቡር አላስገባም አልሁ።

መላ የመታው ሰውመሆን ነው። «ሩዙን ወቅተን ስንጨርስ አውድማው ባዶውን ነው የሚውለው። በሬዎቹ ሲዞሩበት የኖሩበት መሬት ነው፤ ይህችም ትዙርበት» አለ። በጥምቀት ሰሞን አንለይ የሚባል ባለ ባጃጅ እምዬን፣ እኔንና ካርቶኑን ጭኖ ቁሐር ሚካኤል ወሰደን። አውድማው ላይ መብራት ስለሌለ የባጃጁን ባትሪ ፈታልን። ሸራ ዘረጋንና ሐዲዱን አንድ ሰፊ ክብ አደረግነው። ያው ሐዲድ ነው፣ አንድ ቁራጭ አልተጨመረበትም። እቤት እንደ እንቁላል ሆኖ ጫፍና ጫፉ ላይ ይጠብ የነበረው፣ እዚያ ክብ ሲሆን ከመሀሉ እስከ ሐዲዱ በክንዴ ስለካው ካልኸው ከአንድ ክንድ ተኩል አለፈ። እምዬን በርጩማ ላይ ከክቡ መሀል አስቀመጥናት።

ባየህ፣ ዞረ። ስድስቱም ዞሩ። አንድም አልወጣ፣ አንድም ኳ አላለ። እምዬ በርጩማዋ ላይ ሆና ድምፁ በሄደበት ፊቷን እያዞረች ተከተለችው። የመንደሩ ሰው አጨበጨበ፤ አንለይ በስልኩ ቀረጸው። ከተነሣበት ሲደርስ ሰውመሆን አቆመው። «ይኸው አክስቴ፣ ዞሮ መጣልዎት!» አላት። እሷ ከበርጩማዋ ልውረድ አለች። ደግፈን ሸራው ላይ አወረድናት፤ በጉልበቷ ተጠግታ የመጀመሪያውን ፉርጎ ነካች፤ ሁለተኛውን ነካች፤ እንዲህ እያለች እስከ ስድስተኛው ደረሰች።

«መጣ?» አለች።

«መጣ፣ አክስቴ» አለ ሰውመሆን።

«ታዲያ ማን ወረደ?»

ሲያጨበጭብ የነበረው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ ከሸራው ላይ ደግፌ አነሣኋት። ቤት ስንገባ፣ «ጸሐይ፣ ያን በሶ ለሰውመሆን ልጆች ላኪላቸው። እኔ እንግዲህ መንገድ የለኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስምህን አላነሣችም። ያያት ሐኪም ልቧ ደክሟል፣ ለፋሲካ መድረሷን አላውቅም ብሎኛል። ይህን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ስብሰባ ነበረህ።

በወረቀትህ ላይ «ስትዞር ቅረጹልኝ፤ እዚህ እንደኔ ትንንሽ ባቡር ለሚሠሩት የማኅበራችን ሰዎች አሳየዋለሁ» ያልኸውን ቪዲዮ አንለይ ይልክልሃል። «ማን ወረደ» ያለችውን ቆርጦ ሊያወጣው ነበር፤ እንዳትነካው አልሁት። ብዙ ነገር እየተቆረጠ ሲላክልህ ኖሯል። ጸሐይነሽ ቀንታ ነው እንዳትል፤ ብትልም እውነት አለህ። አንተ ስትማር ስንቅህን በጀርባዬ ያመላለስሁ እኔ ነኝ፤ አባታችንንም የቀበርሁ እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ባቡርህን ያዞርሁ እኔ ነኝ። እሷ ግን የጠየቀችው እኔን አይደለም።

ለብርክቲ ሰላም በልልኝ፤ በእሷ ቂም የለኝም። መባን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አያቷ ፎቶዋን ትራስጌዋ አኑራዋለች በላት። አገኘሁሽ «የአረቄዬን ነገር እንዳይረሳ» ትልሃለች። ሰውመሆን ከነቤተሰቡ፣ አንለይም ሳያውቅህ፣ ሰላም ብለውሃል። እምዬ ሰላም በይው አላለችኝም፤ ያላለችውን አልጽፍም።

ሐዲዱን ነቅዬ ካርቶኑን ከአልጋዋ ሥር ከትቼዋለሁ። ወለሉ ባዶ ሆኗል፤ ወርዱ ሁለት ክንድ፣ ቁመቱ አራት ክንድ ተኩል። አባታችን የተገነዘበት ሰሌን አራት ክንድ ነበር፤ አንተ አላየኸውም እንጂ እኔ ነኝ የለካሁት። አንተ ከእሱ አትረዝምም። ለባቡርህ የጠበበው ቤት አንድ ሰው ያስተኛል። ፍራሹን ዘርግቼዋለሁ።

እኅትህ ጸሐይነሽ ገብረማርያም
ወረታ
ጥር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.