ሰው የማይሰፍርበት አገርሽ

ሙሉዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ጣሪያውን አስጠግኛለሁ። በአውቶቡስ ተራ በኩል ረጅም ፎቅ ስለተሠራ የጠዋት ፀሐይ ቤታችን የምትገባው አርፍዳ ነው። እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ አገርሽን ሊወስዱብሽ ስለመጡ ነው።

ለልጆቻችን ስትተርኪ የፈጠርሽውን፣ ሁለት ጨረቃ የሚወጣበትን፣ እኔም በካርቶን ላይ ካርታውን የሣልኩለትን ዓለም ልጃችን ሰላም መጽሐፍ ላድርገው ብላ ለአንድ አሳታሚ አሳየችው። ሰውየው ወደደው። ያልወደደው ሰው የማይኖርበትን ሰሜኑን ነው። ባዶ መሬት አንባቢን ያሰለቻል፣ ሰው እናስፍርበት አለ። ስሞቹም ገበያ ገበያ ስለሚሉ ግርማ ባላቸው ይቀየሩ አለ።

እኔም ያኔ ካርታውን ስሥል አንዱን ተራራ በንጉሥ ስም ልጠራ ብዬ ነበር። ንጉሥ ባልረገጠው መሬት ምን ቤት ነው ብለሽ ሳቅሽብኝ። የገበያ መሃል፣ የበርበሬ በረንዳ ልጅ ነሽና ለአንቺ ቦታ የሚጠራው በተከመረበት ነገር ነበር። ነፋስ የሚጠራቀምበትን ሸለቆ ነፋስ ተራ፣ ደመና የሚያርፍበትን አፋፍ ደመና በረንዳ፣ ጠጠር የተበተነበትን ሜዳ ጠጠር ጉሊት አልሽው። ለምን ሰው እንደሌለበት ስጠይቅሽ የመለስሽልኝን አልረሳሁም። ዕድሜሽን ሙሉ ተሸካሚው ዞር በይ ሲልሽ፣ መኪናው ጡሩምባ ሲነፋብሽ፣ በትከሻ ሲገፉሽ ኖረሻል።

«አንድ የማልጋፋበት ቦታ ይኑረኝ» አልሽኝ።

ስለዚህ ለሰውየው አንድ ጎጆ፣ አንድ የእግር መንገድ እንኳ እንደማልጨምር ነገርኩት። በትሕትና ሊያግባባኝ ሞከረ። «ጋሼ፣ እሳቸው እንደሆነ የሉም፤ ማን ይቀየማል?» አለኝ።

«እኔ» አልኩትና ካርታውን አንሥቼ ከቢሮው ወጣሁ።

ሰላም አኩርፋኝ ሰነበተች። አልፈርድባትም፤ ብዙ ደክማበታለች። መጽሐፉ ላይወጣ ይችላል። አይውጣ።

ባለፈው እሑድ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ስም ሳናወጣለት የቀረውን ኮረብታ በአንቺ ስም እንጥራው አለች። ለእርቅ እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም እንቢ አልኳት። እማዬም እንቢ ትል ነበር አለችና ሳቀች።

ሙሉዬ፣ አንቺን ለማስታወስ ኮረብታ ላይ ስም መለጠፍ አያሻኝም። በሕይወት እስካለሁ አንድም ሰው እዚያ አይሰፍርም። ከእኔ በኋላ ሰላም አለች። እንደልብሽ ተራመጂበት፤ ዞር በይ የሚልሽ የለም።