የደከመ ዓይን የዘጋው መዝገብ

ለተከበሩ የሕፃናትና የቤተሰብ ድጋፍ መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንደ ወትሮው የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን የጠየቁ እንደሆነ፣ በእርስዎ ፊርማ በወጣ ደብዳቤ «በሥራ ጫና መንፈሷ የታወከ» ተብዬ ቤቴ እንድቀመጥ ከተደረገ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። በአደባባይ መጻፌም ከድፍረት ሳይሆን፣ ጥበቃው ወደ ቢሮ እንዳያስገባኝ ስለታዘዘ ብቻ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ሥራዬን ለማያውቁ አንባቢዎች፦ ጎረቤት ወይም አስተማሪ ስለ አንድ ልጅ ሰግቶ ሲደውል ቤቱ ድረስ ሄጄ አያለሁ፤ ከዚያም ቅጹ ላይ «አስጊ» ወይም «አስጊ ያልሆነ» በሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1ኛ. «ራስን መንከባከብ» በሚል ርእስ ስለተሰጠን የግማሽ ቀን ሥልጠና እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ዓይናችንን ጨፍነን ደስ የሚለንን ቦታ እንድናስብ ታዘዝን። ለእኔ የታየኝ በዚያ ሳምንት የጎበኘሁት ቤት መታጠቢያ ክፍል ነው። በጽናቱ «ብረቱ» የምንለው የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዓይኑን ለመጨፈን ፈቃደኛ ሳይሆን በመቅረቱ አሠልጣኟ «አልተባበረም» ብላ መዝግባዋለች።

2ኛ. ሪባን ቆርጠው ስለመረቁልን የዕረፍት ክፍልም እንዲሁ። ክፍሉ ዛሬ የተዘጉ መዝገቦች ማከማቻ ሲሆን፣ ማልቀስ የፈለገ ሠራተኛ ከንብረት ክፍል ቁልፍ ተቀብሎ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል። ሁላችንም «ሰነድ ፍለጋ» ብለን ነው የምንጽፈው።

3ኛ. ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ሴት፣ ከግድግዳው ወዲያ የስድስት ዓመት ልጅ ስታለቅስ እንደምትሰማ ደውላ ስለነገረችን ሄድኩ። ቤቱ የጸዳ ነበር። የልጅቷ እንጀራ እናት በፈገግታ ተቀበለችኝ። ልጅቷ ፀጉሯ የተበጠረ፣ ልብሷ የታጠበ ነበር፤ የጠየቅኋትን ሁሉ መለሰች፣ ከእያንዳንዱ መልስ በፊት ግን የሴትየዋን ፊት ታይ ነበር። መኝታ ክፍሏን ሳይ፣ በሩ ላይ በውጭ በኩል የተመታ መቀርቀሪያ የሹራቤን እጅጌ ይዞ ተለተለው። አላቅቄ አለፍኩ፤ ወጥቼም «አስጊ ያልሆነ» ላይ ምልክት አደረግሁ። በዚያው ሳምንት ክንዱ ሁለት ቦታ የተሰበረ ሕፃን አይቼ ስለነበር፣ ያልተሰበረ ልጅ ሁሉ ደህና መስሎ ይታየኝ ነበር።

በዕረፍት ቀኔ ከታናሽ እህቴ ጋር ድንች እየላጥን፣ የዚያን ቤት ንጽሕና እያደነቅሁ ስለተተለተለው እጅጌዬ አጫወትኋት። እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት፤ አንድም ቀን ስለ ሕፃናት ጥበቃ ሠልጥና አታውቅም። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ከሆነ ውስጥ የሚዘጋበት ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ድንች እየላጠች ሠራችው። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ።

4ኛ. በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ አለቃዬ ዘንድ ቀረብኩና፣ የማየውን ማመን እንዳቃተኝ፣ ስለዚህም መዝገቡ ተከፍቶ ሌላ ሰው ቤቱን እንዲያይ ለመንኩ። ምላሹ ፈጣን ነበር፤ ዕረፍት ተሰጠኝ። የተዘጋ መዝገብ የሚከፈተው ደግሞ የዘጋው ባለሙያ በሥራ ላይ ሆኖ ሲያመለክት ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ስለዚህ በመምሪያው ውሳኔ መሠረት፣ ምልክቱን ያደረግሁ ዕለት ጤነኛ ነበርኩ፣ ላነሣው የጠየቅሁ ዕለት ግን ታምሜያለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምርመራ ያለ ሐኪም መፈጸሙን ሳላደንቅ አላልፍም።

ብረቱ እኔ ልሂድ ብሎ ነበር፤ አርባ ሦስት መዝገብ አለብህ ተብሎ ተከለከለ። ሦስት ጊዜ ስደውል ስልኬን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ቢሮዎ፣ በአራተኛው ጊዜ አሥር ምክሮች የታተሙበት ወረቀት ላከልኝ። ሰባተኛው ምክር ከአቅሜ በላይ የሆነውን ነገር እንድተወው ያሳስባል። ነገርየው የስድስት ዓመት ልጅ መሆኗን ወረቀቱ አያውቅም፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ።

5ኛ. የምለምነው ዕረፍትም የምስክር ወረቀትም አይደለም። በዚህ ሳምንት የተሰበረ ክንድ ያላየ አንድ ሰው ወደዚያ ቤት ይላኩልኝ። በመምሪያው እንዲህ ያለ ሰው ከጠፋ፣ እህቴ ነገ ሥራ አትገባም።

ለታየልኝ አባታዊ ርኅራኄ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ስልክዎም እንዳይረብሽዎ እየተመኘሁ፣

በእርስዎ ውሳኔ በማረፍ ላይ የምገኝ፣
የቤት ለቤት ጉብኝት ባለሙያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ያቺ ጎረቤት በእጅ ስልኬ ደወለችልኝ። ልታመሰግነኝ ነበር። እኔ ከሄድኩ በኋላም ልቅሶው ቀጥሎ እንደነበር፣ ካለፉት ሦስት ቀናት ወዲህ ግን ጭራሽ እንደቀረ፣ የልጅቷም ድምፅ ከዚያ ቤት እንደማይሰማ በደስታ ነገረችኝ። በቅጻችን ላይ ለዚህ «መሻሻል ታይቷል» የሚል ሳጥን አለ። እኔ ፖሊስ ጠርቼ፣ ጫማዬን አድርጌ እየወጣሁ ነው። ያለ ፈቃድ በመሄዴ የሚጽፉልኝን ማስጠንቀቂያ የሚልኩበት አድራሻ ካስፈለገዎ፣ አልከፍትም ባሉት መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያገኙታል።