ሳይጨባበጡ

ውድ ኢሞጀን፣

እናንተ ለንደን ላይ ይሄኔ የጠበቃ ዊጋችሁን ደፍታችሁ ፍርድ ቤት ትከራከራላችሁ። እኔ ኮርንዎል ጭጋግ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፤ ባሕርና ሰማይ ተደባልቀው ጀልባዎቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ።

ደንበኛዬ ዴንዚል ሰው ገድሎ የተፈረደበትን እስር ጨርሶ ወጥቷል። አባቱ ሊሞቱ እያጣጣሩ ነው፤ የገደለው ሰው እናት ወይዘሮ ሎቪዴይ ካልፈቀዱ ግን፣ ሲፈታ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት፣ አባቱ ያሉበትን መንደር አይረግጥም። ዛሬ ወደቡ ላይ አገናኘኋቸው።

«እጁን አልጨብጥም» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«እኛ ጠበቆችም እርስ በርስ አንጨባበጥም። የሚተማመን ሰው መጨባበጥ አያስፈልገውም ይባላል» አልኳቸው።

«እኔ እሱን መች አመንኩት?»

 ዴንዚል አቀርቅሯል። የማይታዩ ወፎች ከላያችን ይጮኻሉ። ብዙ ቆይተው ሴትዮዋ ተነሡ።

«ና፣ አንተ። ደረጃው ያዳልጣል፤ እግሬን እያየህ ተከተለኝ። የአባትህ ሞት አንተን ቆሞ አይጠብቅም።»

እሳቸው ከፊት፣ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ከኋላ፣ ሁለቱንም ጭጋጉ ዋጣቸው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን፣ ያንን ሰነፍ ድመትሽንም ሰላም በይልኝ። ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ ተጨባብጠን አናውቅም። ስመለስ ግን እጅሽን ስጪኝ።

ታምሲን