አንዴ ብቻ የሚባል እንብላ

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

ዛሬም መብራት ጠፋ፣ ፕላዝማው ጸጥ። የፊዚክስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ትንሽ ጻፈና ሰልችቶት ተወው። ኅዳር ገብቶም ሙቀቱ አይለቅም።

ቤት ስገባ አባዬ ቀድሞኝ ገብቷል። በዚህ ሰዓት ቤት ተገኝቶ አያውቅም። ጫማውን እንኳ አላወለቀም። እማዬ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ...

«ደሴ አዛወሩኝ» አለ።

በረከት «ደሴ ትልቅ ኳስ ሜዳ አለ አይደል?» ብሎ ጨፈረ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ምን አለበት።

እኔስ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ እኮ። ግንቦት ላይ ፈተና አለብኝ። በመሀል ተነስቼ የት ልሂድ?

ኅዳር 16፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን ሙሉ ጭቅጭቅ።

«እዚሁ ቆቦ እቆያለሁ» አልኩ።

«ማን ጋ?» እማዬ።

«ቤት ተከራይቼ። የገጠር ልጆች ተከራይተው ይማሩ የለ እንዴ?»

«አንቺ የገጠር ልጅ ነሽ? ሻይ እንኳ አፍልተሽ አታውቂ!»

አባዬ ሰማ ሰማና «እሺ» አለ። «ግን ከቆየሽ ቆየሽ ነው። ጥር ላይ ደውለሽ ናፈቀኝ፣ ውሰዱኝ ብትዪ እወስድሻለሁ። ፈተናው ግን ለከርሞ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

አሸነፍኩ። ታዲያ ለምንድነው ደስ ያላለኝ?

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

አይሱዙው በጠዋት መጣ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ በርሜሉ፣ ሁሉም ተጫነ። እማዬ የነብር ሥዕል ያለበትን ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ታቅፋ ጋቢና ገባች። የእንግዳ ነው። ከኛ ቤት ሰው ማንም ተኝቶበት አያውቅም፣ አንዴ በረከት ነብሩን ስለነካካ ተቆጥታዋለች። እሱን ለሹፌሩም ለረዳቱም አላመነችም።

«የግቢውን በር ከፍ አድርገሽ ግፊው፣ አለበለዚያ አይዘጋም» አለችኝ። ተወልጄ ያደግኩበትን በር ለኔ ታስተምራለች። ሌላ የምትለው ጠፍቷት መሆኑ ገብቶኛል።

አላለቀስኩም። መኪናው ሲሄድ ተመልሼ ገባሁና ባዶውን ቤት ጠረግኩት። ለማን እንደጠረግኩት እንጃ።

አሁን ክፍል የተከራየሁበት፣ እትዬ ራህመት ግቢ ነኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ። ቆርቆሮው በሙቀት ጧ ጧ ይላል። እንዴት ትንሽ ነው ክፍሉ... እንዴትስ ሰፊ ነው።

ኅዳር 26፣ እሑድ

ግቢው ውስጥ ከኔ ሌላ ሁለት ተማሪዎች አሉ። ሲቲ የጎኔ ክፍል ናት፣ ከጎብዬ ወዲያ ካለ ገጠር። ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነን፣ ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እንዳለው የሚባለው ልጅ ደግሞ የግቢው በር አጠገብ ነው፤ የሮቢት ገበሬ ልጅ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ነገረኛ ነገር። ዓርብ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሲመጡ እትዬ ራህመት በር ላይ ሰፌድ ይቀርብና ሁሉም ስንቁን ይፈታል። የማሽላ ቂጣ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ድልህ። ሥጋ የሌለበት ስለሆነ እስላም ክርስቲያን የለም፣ አንድ ላይ ነው። «ስንቅ መፍቻ» ይሉታል።

ከክፍሌ ብቅ ስል «ፍሬ፣ ነይ እንብላ» አለችኝ ሲቲ።

«ብሉ፣ አሁን በላሁ» አልኩ።

የምን መብላት! ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆዴን ነኝ። ግን ወግ ነው። ማን አንዴ ሲሉት ዘሎ ይቀመጣል? እማዬ «ሳትለመኚ የሰው ምግብ ላይ እጅሽን እንዳትዘረጊ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ቆሜ ልመናውን ጠበቅኩ።

«እሺ» አለች ሲቲ። ጎረሰች።

እሺ?! በቃ? በሞቴ የለ፣ ኧረ ቅመሽ የለ?

የምሆነው ጠፋኝ። ውሃ ልቀዳ እንደወጣሁ ሰው ባልዲዬን አንስቼ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። ውሃ የለም። ባዶ ባልዲ ይዤ በፊታቸው ተመለስኩና በሬን ዘግቼ ደረቅ ዳቦ በላሁ።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

«እንብላ።» «ጠግቤያለሁ።» «እሺ።»

ደግመው አሉኝ፣ ደግመው ተውኝ! ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል? አሰብኩ አሰብኩና አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ፤ አይፈልጉኝም። የቢሮ ሰው ልጅ ናት፣ ምን ልታደርግ መጣች ነው የሚሉት።

እማዬ በእትዬ ራህመት ስልክ ደወለች። «ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

«ኧረ ከልጆቹ ጋር ነኝ፣ እየበላን ነው።»

ይሄን ያልኩት ግድግዳው ላይ ያለችውን እንሽላሊት እያየሁ ነው።

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ

በድሮው ቤታችን በኩል አለፍኩ። ባላልፍ ይሻለኝ ነበር። አዲሶቹ ሰዎች ሰማያዊ መጋረጃ ሰቅለዋል። አንዲት ሴትዮ የግቢውን በር ልትዘጋ ትታገላለች፣ ትገፋዋለች፣ ይመለሳል። ከፍ አድርጊው ልላት አፌ ደርሶ ነበር። አላልኳትም። ይታገሉ!

ታኅሣሥ 13፣ ረቡዕ

እማዬ በአውቶቡስ እንጀራ ላከችልኝ። በላስቲክ አጥብቃ አስራዋለች። ደሴ ብርድ ስለሆነ የቆቦን ሙቀት ረሳችው መሰለኝ። እኔም ሞኟ እንደታሰረ አስቀመጥኩት። ዛሬ ስፈታው አረንጓዴ ሆኗል። የእናቴን እጅ ሽታ ፈልጌ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ ሻጋታ ብቻ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለእንጀራ!

ታኅሣሥ 29፣ ዓርብ

ገና። ሰኞ የሴሚስተር ፈተና ስላለ ደሴ አልሄድኩም። ሲቲም እንዳለውም አገራቸው ናቸው። እትዬ ራህመት «እንኳን አደረሰሽ ልጄ» ብለው ሻይና አምባሻ ሰጡኝና የዘመድ ለቅሶ አለብኝ ብለው ወጡ። ግቢው ውስጥ እኔና ፍየላቸው ቀረን።

ደሴ ደወልኩ። አባዬ አነሳው። ከበስተኋላ በረከት ይስቃል፣ ሳህን ይንኳኳል። «ውሰዱኝ» ልል ነው የደወልኩት። እውነቴን ነው። አንድ ቃል ናት። ግን ካልኳት የዓመቱ ልፋቴ ገደል ገባ...

«ፍሬ? ምነው ዝም አልሽ?»

«እንኳን አደረሳችሁ ልል ነው።»

ከዚያ ፍየሏን ሳወራ ዋልኩ። ኤዲያ፣ እሷም ጥላኝ ሄደች።

ጥር 8፣ እሑድ

ጉድ ሆንኩ ዛሬ!

ስንቅ መፍቻ ላይ ነበሩ። እንደልማዴ በር ላይ ቆምኩ። «ፍሬ፣ እንብላ» አለ እንዳለው። «ጠግቤያለሁ» ከማለቴ ሆዴ ጮኸ። እንዲያው ዝም ብሎ መጮህ አይደለም፣ ግቢው በሙሉ ሰማው። እንዳለው ቂጣው በአፉ እንዳለ ትን አለው። «የማንኛችሁን እንመን? ያንቺን ወይስ የሆድሽን?» አለ። እትዬ ራህመት ሳይቀሩ ሳቁ።

ሮጬ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። መሬት ብትውጠኝ።

ሲቲ ተከትላኝ መጣች። ሳታንኳኳ ገባች። «ወላሂ አንቺ ሰው ግራ ታጋቢያለሽ። ለምን ትዋሺያለሽ?»

«አልዋሸሁም። እናንተ ናችሁ...» እንባዬ ቀደመኝ። «ሰው እንዴት አንዴ ብቻ ብሎ ይተዋል? አንድ ቀን እንኳ በሞቴ ብላችሁኛል?»

አየችኝ። ከልቧ ነው የገረማት።

«አንቺ እንግዳ ነሽ እንዴ?»

«ማለት?»

«የሚለመን እንግዳ ነው። በልቶ ይሄዳላ። የቤት ልጅ ማን ይለምናል? የራበው ቁጭ ይላል፣ ያልራበው ይተኛል። እኛ እኮ እናትሽ በደሴ አውቶቡስ እየላከች ታጠግብሻለች ብለን...»

ሳቅኩም አለቀስኩም። ከኅዳር ጀምሮ ጠሉኝ ብዬ የተቃጠልኩት! ስለ ሻገተው እንጀራ ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። «ድርቆሽ አድርጉ በያቸው። አብሽሪ።»

ጥር 15፣ እሑድ

«እንብላ።» ተቀመጥኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ድልሁ አቃጠለኝ።

መጋቢት 12፣ ሰኞ

የቆቦ አቧራ ጀመረ። ደብተሬን ስገልጥ አሸዋ ይፈሳል። ከሲቲ ጋር ኬሚስትሪ እንሠራለን፣ እሷ በልጣኛለች፣ አልነግራትም እንጂ። ማታ ማታ አሁንም ያው ነው። በር ስዘጋ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። በረከት ሲያንኮራፋ ስንቴ በትራስ መትቼዋለሁ... ምነው አሁን ባንኮራፋልኝ።

ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ፣ ደሴ

ስንት ወር ጠብቄው የመጣሁበት ቀን። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል እኮ...

ትናንት ስደርስ እማዬ አገላብጣ ሳመችኝ፣ «ከሳሽ!» አለች፣ አለቀሰች። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ይበርዳል። ዕቃዎቻችንን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ የተቀመጡበትን ግን አላውቅም። ጨው ስፈልግ «ተቀመጪ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» አለችኝ። ሳህን ላጥብ ብል «ኧረ ምን በወጣሽ!» ቆቦ ሳለን ሳህን ሳላጥብ የዋልኩ ቀን ጎረቤት እስኪሰማ ነበር የምትጮኸው።

ዛሬ ዶሮው ቀረበ። በላሁ፣ ጠገብኩ፣ እጄን ሰበሰብኩ።

«ብይ እንጂ።»

«ጠገብኩ እማዬ።»

«በሞቴ! ይቺን ብቻ!» ጉርሻ ጠቅልላ አፌ ድረስ። አባዬም «ጨምሪላት፣ እንቁላሉን ስጫት» ይላል። በረከትን ማንም አልለመነውም። «አልፈልግም» አለ፣ «ተወው» ተባለ፣ ተነስቶ ሊጫወት ሄደ። እንዴት ቀናሁበት!

«የሚለመን እንግዳ ነው።» የሲቲ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ጉርሻውን ሳላላምጥ ዋጥኩት።

ትናንት ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርን፤ ዛሬ ማታ በረከት ከአልጋው ወርዶ መሬት ተነጠፈለት፣ አልጋው ለኔ ሆነ። ከዚያ እማዬ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የሆነ ነገር አወረደች። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

የነብሩ ብርድ ልብስ።

«እማዬ፣ ይሄ ይቅር፣ የድሮዬን ስጪኝ።»

«የድሮሽንማ በረከት ይለብሰዋል። ይሄ ይሞቅሻል።»

«እህቴ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?» አለ በረከት ከመሬት። ክፋት የለውም፣ አልጋውን ፈልጎ ነው።

ይሞቃል፣ እውነት ነው። እንቅልፍ ግን በየት በኩል ይምጣ?

ሚያዝያ 19፣ ረቡዕ

ተመለስኩ። እማዬ የተረፈውን ዶሮ ልትቋጥርልኝ ስትል «ሲቲ አትበላም፣ ዳቦ አድርጊልኝ» አልኳት። «ሲቲ ማናት?» አለች። ለካ ነግሬያት አላውቅም፣ ስትደውል ሁልጊዜ «ልጆቹ» ነው የምላት። አዲስ አንሶላም ሰጠችኝ፣ ከላስቲኩ አልፈታሁትም።

እሑድ ባይሆንም ዳቦውን በእትዬ ራህመት በር ፈታሁት። እንዳለው ገና ሰላም ሳይለኝ ግማሹን ቆረሰ። ልጮህበት ነበር። ደስ አለኝ እንጂ።

ግንቦት 21፣ እሑድ

ነገ ፈተና። አላጠናሁም ማለት አይቻልም፣ ጭንቅላቴ ግን ባዶ ነው። ሲቲ «አላህ ያውቃል» ብላ ደብተሯን ዘግታለች።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ሳትነግረኝ መጣች! «ለፈተናሽ ብቻሽን አትሁኚ ብዬ» አለች። ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች «እንዲህ ይሞቅ ነበር እንዴ ቆቦ?» አለች። አሥራ ስምንት ዓመት የኖረችበትን አገር! ክፍሌን ዞራ አየችው፣ ለመዞር የሚሆን ስፋት ባይኖረውም። የት ልቀመጥ ብላ ጠየቀችኝ።

አመሻሽ ላይ ስንቅ መፍቻ ሆነ። እማዬ በክፍሌ በር ላይ ቆማለች።

«ይምጡ፣ እንብላ» አላት እንዳለው።

«ብሉ ልጆቼ፣ እኔ መንገድ ላይ በላሁ።»

«እሺ» አለና ጎረሰ።

እማዬ ግን ወደ ውስጥ አልገባችም። ነጠላዋን አስተካከለች። እንደገና አስተካከለች። ባልዲዬን አየች፣ ቧንቧውን አየች። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ! ሳቄ መጣ።

«እማዬ፣ እዚህ አንዴ ነው የሚባለው፣ ቁጭ በይ» ልላት ነበር። አንደበቴ ላይ ደርሶ ቀረ። በጠዋት አውቶቡስ ትሄዳለች እኮ። ይሄ ቤቷ አይደለም።

ቂጣውን በድልህ አጥቅሼ ተነሳሁ። «በሞቴ፣ እማዬ።»

«ጠግቤያለሁ ስልሽ።»

«እኔ ልሙት! ይቺን ብቻ!»

«ኧረ ተይኝ ልጄ...»

«አፈር ስሆን!»

አፏን ከፈተች። ሲቲና እንዳለው አፍጥጠው ያዩኛል፣ በዚህ ግቢ ሰው ሲለመን አይተው አያውቁም። ከዚያ ገባቸውና ሁሉም ተነሱ። እንዳለው «የኔንም!»፣ ሲቲ «የኔንም በአላህ!»፣ እትዬ ራህመት ዝቅተኛዋን በርጩማ ይዘው «ተቀመጪ፣ አረፍ በይ» እያሉ።

እማዬ እያላመጠች አየችኝ፣ ብዙ አየችኝ። «እኔን አስተናገድሽኝ አይደል?» አለች። ዓይኗ ቀላ። ድልሁ ያቃጥላል፣ እውነት ነው፣ ግን ድልህ አልነበረም።

አሁን በጊዜ ልትተኛ ነው፣ ፍራሹን ለሷ ለቅቄላታለሁ። እኔ ሲቲ ጋ አድራለሁ። የሰጠችኝን አንሶላ ከላስቲኩ አውጥቼ አነጠፍኩላት። እስከ ዛሬ ማንም አልተኛበትም።