አንቴናው ጀርባውን ለሐረር ሲሰጥ

ይድረስ ለእህቴ ለነኢማ፣ አዲስ አበባ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለሜ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ድምፅሽን ይዞ ያስቸግርሻል? በዚህ ወር የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ይባላልና ደራርበሽ ውጪ። ለአገር ሁሉ የአየር ጠባይ የምትናገሪው ሰው ራስሽ በርዶሽ ብትተኚ መሳቂያ መሆንሽ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ይህን ወሬ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ እንባዬ እየቀደመኝ "ኔትወርኩ ነው" ብዬ ዘጋሁብሽ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ደግሞም አባታችን ራሳቸው "ጻፍላት" ብለውኛል። አዎ፣ አባታችን! በይ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የድሮው የቴሌቪዥን ስርጭት ቀርቶ ዲጂታሉ ከመጣ ወዲህ ሐረር ላይ ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ ሲታይ መንደራችን ሶፊ ምንም አልደረሳትም። በእኛና በከተማው መካከል ያለው ጋራ ሞገዱን ስለሚከልለው ሸለቆው ጥላ ውስጥ ቀረ። እናታችን ቴሌቪዥኑን ከጀጎል በገዛችው ጥልፍ ጨርቅ ሸፍና የስኳር ዕቃ ታስቀምጥበት ጀመር። ዲሽ ላስገባላችሁ ብል አባታችን "የዓረብ ፊልም ቤቴ አይገባም" ብለው ተቆጡ። እኔ ግን የፈሩት ፊልሙን ሳይሆን አንቺን ይመስለኛል። ስለ ሰማይ ልማር ብለሽ የሄድሽ ጊዜ "ዝናብን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው" ካሉ በኋላ ስምሽን አንስተው አያውቁም። የእኔም ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ፊትሽን አንዴ እንዲያዩት።

ዘንድሮ ታዲያ ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች መጡና ከቤታችን ኋላ ያለውን ኮረብታ መረጡ። ያ ኮረብታ ከጋራው ከፍ ስለሚል ሐረርን አሻግሮ ያያል። የሚተከለውን ሪፒተር ይሉታል፤ ከሐረር የሚመጣውን ተቀብሎ ወደ ሸለቆው መልሶ ይለቀዋል። እኔም ሸዋ በር ያለችውን የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቄን ዘግቼ መንገድ መሪ ሆንኩላቸው። መኪና እስከ ጫፉ አይወጣምና ብረቱን በአህያና በትከሻችን አወጣነው። ምሰሶው ከመቆሙ በፊት ሽማግሌዎቹ ጫት ይዘው ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። መሐንዲሷ ሰላማዊት፣ የደብረ ብርሃን ክርስቲያን፣ ሄልሜቷን አውልቃ እጇን እንደ እነሱ ዘርግታ "አሚን" ስትል አባታችን በጎን አይተዋት "ያሳደጋት ሰው ነው" አሉ።

ስርጭቱ የተለቀቀ ቀን ሸለቆው ሁሉ ሪሲቨሩን ከፍቶ ጠበቀ። በየቤቱ የመጣው ግን "ሲግናል የለም" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ለካ ሰው ሁሉ አንቴናውን እንደ ድሮው ወደ ሐረር አዙሯል! ወደ ኮረብታው አዙሩት ብንል ማን ይስማን። አባታችንማ "ለወሊዮች አገር ለሐረር ጀርባውን የሰጠ ነገር በእኔ ጣራ ላይ አይቆምም!" ብለው በር ላይ ቆሙ። ጎረቤቱም የእሳቸውን ዓይን ዓይን እያየ አንቴናውን ሳይነካ ቀረ። ሰላማዊት ብትለምን፣ እኔ ብለምን፣ ወይ ፍንክች። ያዳነችን እናታችን ናት። ከውስጥ ሆና "አንተ ሰውዬ፣ ሐጂ ከመካ ሲመጣ በረከቱን ልትቀበል ፊትህን ወደ እሱ አዙረህ አይደል የምትቀመጠው? ያኔ ለመካ ጀርባህን ሰጠህ ያለህ አለ? ኮረብታውም ከሐረር የተቀበለውን ነው የሚያቀብልህ" አለቻቸው። አባታችን ከበሩ ገለል ብለው "ውጣና አዙረው" አሉኝ።

አቤት እታለሜ! እኔ ዕድሜዬን ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩት ሰውዬ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከተማ ውስጥ የማየው ያው ሥዕል ነው፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ሸለቆ በዓይን ሳይታይ፣ ቅጠል እንኳ ሳያነቃንቅ ተሻግሮ እኛ ቤት ግድግዳ ሥር ሲበራ ሌላ ነው። ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ "ሱብሃነላህ" ይላል። ከዜናው በኋላ አንቺ ብቅ ብለሽ "እንደምን አመሻችሁ" ስትዪ ሁሉም ወደ አባታችን ዞረ። አባታችን ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለዋል። ግን የሰው ሰላምታ ሳይመልሱ አልፈው አያውቁም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ "አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን አመሸሽ" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩሽ።

ያን ማታ በምሥራቅ ሐረርጌ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊዘንብ ይችላል አልሽ። ማሽላችን አውድማ ላይ ተዘርግቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አባታችን ማንንም ሳያማክሩ ሸራ ተሸክመው ወጡና ሸፈኑት። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጎረቤታችን ሳኒ "ደመናው የታለ?" እያለ ሲስቅባቸው ዋለ። ዝናቡም ጠብ ሳይል መሸ። ሳኒ ሊያሾፍ ቤት ድረስ ሲመጣ አባታችን ኮስተር ብለው "ልጄ ሊዘንብ ይችላል አለች እንጂ በአላህ ሥራ አልገባችም። እሷ አልዋሸችም፤ የቀረው ዝናቡ ነው" አሉት። ልጄ አሉሽ! ሰማሽ? እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፤ እንኳን ማንም አላየኝ።

የሰው ማሽላ ተወቅቶ ሲገባ የእኛ ዛሬም ሸራ ውስጥ ነው። አንቺ "ፀሐያማ" እስክትዪ ድረስ አይነሳም ብለዋልና እባክሽ ቶሎ በይልን።

እናታችን ግንባርሽን ትስማለች፤ ፊትሽ ከስቷልና ማር በወተት ጠጪ ብላለች። ባለቤቴ ሀናን ሰላም ትልሻለች፤ የምትለብሺው ሻሽ ከጀጎል እንዲሆን ሁለት መርጣ ልካልሻለች። ሳኒም ሳይቀር ሰላም ብሏል፤ አሁን ማታ ማታ ከቤታችን አይጠፋም።

አባታችን ዛሬ ጫታቸውን ሸጠው፣ ጀጎል ገብተው ሰግደው ሱቄ መጥተዋል፤ ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ስልኩን ብሰጣቸው "እሱ ይቆይ" አሉ። እንድጽፍልሽ ያዘዙኝ ይህን ብቻ ነው፤ "ሰላም ካለችን በኋላ ትንሽ ትቁምልኝ። እኔ መልሼ ሳልጨርስ ወደ ደመናው ትሄዳለች።"

ወንድምሽ ፈይሰል
ሐረር፣ ሸዋ በር
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.